የቁጥር ዘጠኝ ስም

የመጡት ጠዋት ነው፤ ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ። ሦስት ነበሩ፣ አንዷ ሴት። መሪ ሰፈር ያለው ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ስለወጡ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሴቲቱ ውኃ ጠየቀችኝ፤ ቀዳሁላት። ጠጥታ ብርጭቆውን ከመለሰችልኝ በኋላ ነው የመጡበትን ጉዳይ የነገረችኝ። ላፕቶፔን፣ ስልኬንና ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ጥቁር ደብተር ወሰዱ። ታናሽ እህቴ በሩ ላይ ቆማ «የት ነው የምትወስዷት?» ስትል አንደኛው «ለጥያቄ ነው፤ ከሰዓት ትመለሳለች» አላት።

የተመለስኩት በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ነው።

ያን ሰሞን ብዙ ሰው ይያዝ ነበር። እኔ ግን ራሴን ከዚያ ሁሉ ውጪ አድርጌ ነበር የማየው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በአንድ የግል ኮሌጅ ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ፣ በጎን የማስተርስ ጽሑፌን እሠራለሁ። ርዕሴ ሰው ካደገ በኋላ እንዴት እንደሚያድግ ነበር። እናቴ ይህን ስነግራት «ካደገማ አደገ ነው፣ ሌላ ምን አለው?» ብላኝ ነበር። የምናነባቸው ምሁራን ግን እንዲህ አይሉም። አንደኛው የሰውን ዕድሜ በእርከን በእርከን ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ እርከን የራሱ ትግል አለው። ወጣት ከሌላ ሰው ጋር ልብ ለልብ መገናኘት ካልቻለ ብቻውን ይቀራል። ጎልማሳ ከእሱ በኋላ ለሚመጡት የሚተርፍ ነገር ካላበጀ ባለበት ይደርቃል። ያረጀ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ኑሮውን ወይ ይቀበለዋል ወይ ይጸጸትበታል። ሌላው ምሁር ደግሞ በእርከኖቹ መካከል ሰው የገነባውን ሁሉ «ልቀጥልበት ወይስ ልተወው?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ ይላል፤ ሠላሳ ዓመት አካባቢ አንዴ፣ አርባ አካባቢ አንዴ። ይህን ጊዜ በአማርኛ ምን ልበለው ብዬ ብዙ ካሰብኩ በኋላ «የሽግግር ጊዜ» አልኩት። ደብተሬ ውስጥ በየገጹ አለ።

ኮተቤ፣ ካራና መሪ የሚኖሩ ሃያ ሁለት ሰዎች አነጋግሬ ነበር። ለእያንዳንዳቸው ከመጀመሬ በፊት አንድ ቃል እገባለሁ፦ «ስምዎ የትም አይጻፍም። ከእኔ በቀር ማንም አያውቀውም።» ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ስሞቹ ጭንቅላቴ ውስጥ ናቸው።

የወሰዱኝ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ የሴቶቹ ክፍል ከጓሮው ነበር። ድሮ ዕቃ ቤት ሳይሆን አይቀርም፤ የተነቀሉ የመደርደሪያ ብረቶች ቀዳዳ ግድግዳው ላይ በመስመር ቀርቷል። ሲሚንቶው ላይ ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ ስስ ፍራሽ። ከጣሪያው ሥር ጠባብ መስኮት አለ፤ ጀሪካን ላይ የቆመ ሰው የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ጫፍ ጫፉን ያያል። ክፍሉ ያልደረቀ ልብስ ልብስ ይሸታል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ቆሜ ቀረሁ።

«ጫማሽን አውልቂና ግቢ፤ የምንተኛበት ነው» አሉኝ አንዲት ሴትዮ።

ስልሳን ያለፉ ይመስላሉ። ጀርባቸው ጎበጥ ብሏል፤ አንገታቸው ሥር ቆዳው ጠቁሮ ደንድኗል፤ ሠላሳ ዓመት ገመድ ያረፈበት ቦታ ነው። ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ካለው ጫካ ጭራሮና ቅጠል እየተሸከሙ በማውረድ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። በምን እንደተያዙ ስጠይቃቸው «የመጨረሻውን ልጄን ፈልገው አጡት። እሱ እስኪመጣ እኔን አስቀምጠውኛል» አሉኝ፤ አደራ የተቀመጠ ዕቃ እንደሚናገር። ሌሎች ሴቶች ይመጡ ነበር፣ በማግስቱ ይሄዱ ነበር። እኔና እሳቸው ቀረን። እማማ እላቸው ነበር፤ እሳቸው አስተማሪዋ ይሉኛል።

መርማሪዬ አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። አንዲት ሴት ቤት ለቤት እየዞረች ስለ ለውጥ ትጠይቃለች ተብሎ ተጠቁሞብኛል። ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በቀይ እስክሪብቶ እያሰመረ አንብቦታል። የማስተርስ አማካሪዬ እንኳ እንደዚያ አንብቦልኝ አያውቅም።

«የምን ሽግግር ነው?» አለኝ።

«ከወጣትነት ወደ ጎልማሳነት።»

«ማን ነው የሚያሸጋግረው?»

«ማንም። ሰው በራሱ ነው የሚሸጋገረው።»

«በራሱ» አለና ጻፈው።

ከዚያ ቁጥር ዘጠኝ ወደሚለው ገጽ ገለጠ። የተናገረውን ቃል በቃል ገልብጬው ነበር። መርማሪው ቀስ ብሎ አነበበልኝ፦ «ይሄ ሁሉ ከመሠረቱ መፍረስ አለበት። እንደ አዲስ ካልተጀመረ አይሆንም። ጊዜውም ደርሷል።»

«ስለ ቤቱ ነው የሚያወራው» አልኩ።

«የትኛው ቤት?»

«ትዳሩን። ኑሮውን። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል።»

«ሊሆን ይችላል። ስሙን ንገሪኝና እሱኑ እጠይቀዋለሁ።»

ቁጥር ዘጠኝ ከካራ እስከ መገናኛ የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው። የመኪናውን ሞተር አጥፍቶ፣ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነበር ያናገረኝ። ለሚስቱ እንኳ ያልነገራትን ነገር ነግሮኛል። ስሙን፣ ሰፈሩን፣ ታርጋውን ሳይቀር አስታውሳለሁ።

«አላስታውስም» አልኩ።

በሚቀጥለው ቀንም፣ ከዚያ በኋላም ያንኑ አልኩ። ፍርድ ቤት አቀረቡኝ፤ ተጨማሪ የምርመራ ቀን ተፈቀደላቸውና መለሱኝ። እህቴ በየቀኑ ምሳ ታመጣ ነበር። በር ላይ ከእያንዳንዱ ወጥ እንድትቀምስ ያደርጓታል፤ እንጀራው ጠርዝ ላይ በጣቶቿ የቆረሰችበትን ቦታ አያለሁ፤ ዛሬም መጥታለች ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት መርማሪው ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገልኝ። «አንድ ስም ነው። ጻፊና ነገ ከእህትሽ ጋር ምሳ ትበያለሽ። እስከ ነገ ጠዋት አስቢበት» አለኝ።

ያን ከሰዓት ለእማማ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ጥናቱ ሳስረዳ እርከኖቹን በጣቴ ካርቶኑ ላይ እያሰመርኩ ነበር። ፍራሻቸው ጠርዝ ላይ ሆነው አጎንብሰው ያያሉ።

«እኔ የቱ ላይ ነኝ?» አሉ።

የመጨረሻው መስመር ላይ አሳየኋቸው። «እዚህ። ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ያሳለፈውን የሚያይበት።»

«ልጄ የት እንደተሸሸገ ሳላውቅ? ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ ማን ያያል!» አሉ። ቀጥለው «እንዲህ ያለው ሰውዬ እንጨት ተሸክሞ ያውቃል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይመስለኝም።»

ሳቁ። ከዚያ ስለ ስሙ፣ ስለ ነጩ ወረቀት ነገርኳቸው። የፈለግሁትን አውቃለሁ፦ «ጻፊው ልጄ፣ ውጪ» እንዲሉኝ ነበር። እናት ናቸው፤ እንዲያ ቢሉኝ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይሆንም።

ፍራሻቸው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

«አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር» አሉ። «ከጎረቤቴ ጋር ነበር የምንወጣው። ጭራሮ ስትለቅሚ ዝም ይሉሻል፤ ዛፍ መቁረጥ ግን ክልክል ነው። እሷ መጥረቢያ ነበራት። ሁለታችንም ቆረጥን። ስንወርድ ጥበቃዎቹ እኔን ብቻ ያዙኝ። ማን ነው የቆረጠው አሉኝ። ስሟን ነገርኳቸው።»

«ምን አደረጓት?»

«ሦስት ወር አሰሯት። ልጇን ታጠባ ነበር።» መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሹት። «ለእኔ ሸክሜን መለሱልኝ። ተሸክሜው ገበያ ወረድኩ።»

ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«ስትፈታ ማን እንደተናገረባት አታውቅም። እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ብዬ የሄድኩት እኔው ነኝ። ሁለት ዓመት አብሬያት ወጣሁ፣ አብሬያት ወረድኩ። ከፊቴ ስትሄድ ጀርባዋን አያለሁ። አንድ ቀን ሄጄ እኔ ነኝ አልኳት።»

«ምን አለችዎት?»

«ከቤቴ ውጪልኝ አለችኝ። እስከ ዛሬ አታናግረኝም።» ካርቶኑ ላይ ያሰመርኩትን ቦታ አዩት፤ ምንም ምልክት አልነበረበትም። «ያንቺ መጽሐፍ ሰው በስንት ዓመቱ ትልቅ ይሆናል ይላል? እኔ ያን ቀን ነው የሆንኩት። ያኔ አምስት ልጅ ወልጄ ነበር።»

ጻፊም አትጻፊም አላሉኝም። ተነሥተው ጀሪካኑን መስኮቱ ሥር አስጠጉና «ነይ ላዩ ላይ ውጪና አየር ውሰጂ፤ ፊትሽ አመድ መስሏል» አሉኝ።

በማግስቱ ወረቀቱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጠበቀኝ። መርማሪው «እህሳ?» አለ።

«አስታውሳለሁ» አልኩ።

«እንዲህ ነው!» ብሎ ወደ ፊት ጠጋ አለ።

«ስሙን አውቃለሁ። የሚሠራበትንም አውቃለሁ። ግን አልነግርዎትም። ላልናገር ቃል ገብቼለታለሁ። እስካሁን አላስታውስም ያልኩት ውሸት ነበር፤ እሱ ይሰረዝልኝና ይሄ ይጻፍ።»

ድምፄ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ራሴን ገረመኝ። ሰውዬው ትንሽ አየኝ።

«አላስታውስም ማለቱ ይሻልሽ ነበር። ይሄ ላንቺ ጥሩ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ትፈርሚበታለሽ?»

«እፈርማለሁ።»

ቃሌን ጻፈ፤ አንብቤ ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩና ፈረምኩ። ደብተሬን ሊዘጋ ሲል ቆም አለ። «አርባ አምስት ዓመት የሆነው ሰውስ?» አለኝ። «ምን ይሆናል ይላል ይሄ ትምህርት?»

«ለሚመጡት ምን ትቼ አልፋለሁ እያለ ይጨነቃል ይላል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም አይደለም።»

በሩ ላይ የምትጠብቀውን ፖሊስ ጠራት። «መልሻት» አለ።

ከዚያ አንድ ሳምንት ምሳ አልገባልኝም። እማማ የጣቢያውን ዳቦ ለሁለት እየቆረሱ ትልቁን ወደ እኔ ይገፉታል፤ እኔ እመልሰዋለሁ፤ እንደገና ይገፉታል። አንድ ቀን ጠዋት ፖሊሷ በሩን ከፍታ «እማማ፣ ዕቃዎን ይያዙ፤ ልጅዎ መጥቷል» አለች።

«በራሱ ነው የመጣው?»

«በራሱ ነው።»

«ቁርስ በልቷል?»

ፖሊሷ በሩን ይዛ ጠበቀች። እማማ የተኙበትን ብርድ ልብስ ጠርዙን ከጠርዙ አስተካክለው አጠፉ፤ በፍራሹ ራስጌ አኖሩ። ነጠላቸውን አደግድገው ትከሻዬን ሳሙኝ። በኮሪደሩ ሲሄዱ ልጃቸውን ያሳዩዋቸው አያሳዩዋቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እኔን ያለ ክስ ለቀቁኝ። ላፕቶፑንና ስልኬን መለሱልኝ፤ ደብተሩን አልመለሱልኝም። ስለዚህ ሌላ ሥራ ጠበቀኝ፦ የነገሩኝ ነገር በሌላ ሰው እጅ እንደገባ ለሃያ ሁለቱም ሰዎች ሄጄ መናገር። እህቴ አበድሽ ወይ አለችኝ። አንድ በአንድ ሄድኩ። አንዷ በሩን ሳትከፍት መለሰችኝ። አንዱ ደግመሽ እንዳትመጪ አለኝ፤ እውነቱን ነው። አንዲት አስተማሪ አለቀሰች። ቁጥር ዘጠኝን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ስለፈራሁት ነው።

ካራ ላይ ተራ ይጠብቅ ነበር። ጋቢና ከጎኑ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት።

«ስሜን ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ። አልሰጠሁም።»

አየኝ። «ለዚህ ነው የከሳሽው» አለ። ቆይቶ «ለመሆኑ ምን ብዬ ነበር?»

«ይሄ ሁሉ ከመሠረቱ መፍረስ አለበት፣ እንደ አዲስ ካልተጀመረ አይሆንም፣ ጊዜውም ደርሷል።»

«እኔ? እንዲህ አልኩ?» ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ፊቱን ወደ መስተዋቱ አዞረ፤ ከኋላ የቆመው ሚኒባስ ጥሩምባ ነፋበት፣ አልተንቀሳቀሰም። «ጥናትሽ እንግዲህ ጠፋ ማለት ነው?»

«ከእርስዎ የወሰድኩት ጠፍቷል።»

ሞተሩን አጠፋ። «በይ ደግመሽ ጠይቂኝ» አለ። «ቁጥሬ ያው ነው?»

ያው ነው አልኩት።

አሁን ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ጽሑፉን ስጨርስ አማካሪዬ ሽግግር የሚለውን ቃል በሌላ ለውጪው ብሎ መከረኝ፤ ደግ አስቦልኝ ነው። አልለወጥኩትም። እማማን ሁለት ጊዜ ፈረንሳይ ወጥቼ ፈልጌ አጣኋቸው፤ ሰፈራቸው ፈርሷል አሉኝ።

ትምህርቱን አሁንም አስተምራለሁ። እርከኖቹን ሰሌዳው ላይ በተርታ እጽፋለሁ፤ አብዛኛው እውነት ነው፣ በሰው ላይ አይቼዋለሁ። ከእያንዳንዱ ጎን ዕድሜ የሚጻፍበትን ቦታ ግን ባዶ እተወዋለሁ። ሁልጊዜ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል፦ «ቲቸር፣ ስንት ብለን እንጻፍ?»

ፈተና ላይ የሚመጣውን ቁጥር እነግራቸዋለሁ። «በእርሳስ ጻፉት» እላለሁ።