በእንግሊዙ ጀርባ ላይ የጫንኩት ጥቅል

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ልጄ ለልደቴ አንድ ሣጥን ይዛልኝ መጣች። ውስጡ ተበታትኖ የተቀመጠ የእንግሊዝ ወታደር አለ፤ እግሩ ለብቻ፣ ክንዱ ለብቻ፣ ጠመንጃው ለብቻ፣ ጭንቅላቱም ለብቻ። ሲገጣጠም ቁመቱ ከስንዝር አይበልጥም። አጣብቀው፣ ቀለም ቀብተው፣ መደርደሪያ ላይ ያቆሙታል። ስዊድን አገር ሥራ የፈታ ሽማግሌ ከትካዜ የሚድነው በእንዲህ ያለ ነገር ነው ብለው የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ መክረዋት ነው። ለምን ይኼንን እንደመረጠች ስጠይቃት፣ እንደ ልማዷ በስዊድንኛ፣ «ፓፓ፣ ሣጥኑ ላይ አቢሲኒያ ይላል እኮ!» አለችኝ። ስለ እኛ የሆነ ነገር ያገኘችልኝ መስሏት ፊቷ ፈክቷል።

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። የመቅደላ ዘመቻ እግረኛ ወታደር። አገሬን ሊወጋ የዘመተውን ሰውዬ ለልደቴ አመጣችልኝ ማለት ነው። ምን ይባላል? «ተባረኪ» አልኳትና ሣጥኑን ፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጥኩት።

እዚያው ይቀር ነበር። ግን የብርዱ ወራት ገባ። በምንኖርበት ሰፈር፣ ብሬዴንግ ውስጥ፣ ጡረተኛ ሆኖ ከሰዓት በኋላ የሚጨልም ሰማይ በመስኮት ማየት ሰውን ምን እንደሚያደርገው የደረሰበት ያውቀዋል። አንድ ቀን ሣጥኑን አወረድኩና ቁርጥራጮቹን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኳቸው።

ንዴቴ የጀመረው ያኔ ነው። ሰውዬው ጠመንጃ አለው። ኮዳ አለው። የጥይት ከረጢት፣ የብስኩት ከረጢት፣ ፀሐይ እንዳይመታው ጨርቅ የተጠመጠመበት ቆብ ሳይቀር አለው። የዘረፈው ግን የለም! እኔ ስለ መቅደላ የማውቀው፣ ንጉሡ ከሞቱ በኋላ እነዚህ ሰዎች ግምጃ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን አራቁተው፣ መጻሕፍቱን፣ ዘውዱን፣ ታቦቱንም ጭምር በዝሆንና በበቅሎ ጭነው መውረዳቸውን ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ ግን ለሽርሽር የወጣ ይመስላል። እጁ ንጹሕ፣ ጀርባው ባዶ።

እዚያው ወሰንኩ። ይኼ ሰውዬ ቤቴ ውስጥ መቆም ካለበት የወሰደውን ተሸክሞ ይቆማል። የፈለግኩት ይኼንኑ ብቻ ነው፤ ወታደሩን የሚያይ ሰው ሸክሙንም እንዲያይ።

ሙያውን የሚያሳየኝ ሰው ስፈልግ ልጄ አንድ ፎሬኒንግ አገኘችልኝ። እዚህ አገር ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ከወደዱ ማኅበር ሳያቋቁሙ አያድሩም። የሞዴል ቀቢዎቹ ማኅበር ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ የኪራይ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ይሰበሰባል። ገና ስገባ «ከአቢሲኒያ የመጣ ሰው!» ብለው ከበቡኝ። የጠየቁኝ የመጀመሪያ ነገር የአገሬን አፈር ቀለም ነው፤ ወታደሮቻቸውን የሚያቆሙበትን መሬት በትክክል ለመቀባት። «እንደየቦታው ነው» አልኳቸው። ቅር አላቸው።

እንደነዚህ ያሉ ሰዎች በዕድሜዬ አላየሁም። የዚያ ዘመን ካኪ ወደ ግራጫ ያደላል ወይስ ወደ ቡና ዓይነት በሚል ሲሟገቱ አንድ ሙሉ ምሽት አለፈ፤ ሁለቱ ተኳርፈው ወጡ። አንዱ ሰውዬ ማጉያ መነጽር ግንባሩ ላይ አስሮ የሌላ ሰው አሻንጉሊት ወታደር የደረት ቁልፍ ሲቆጥር ይውላል። አንዲት ቁልፍ ከጎደለች የሰው ነፍስ የጠፋ ያህል ያዝናል። የጠፋውን የሰው ነፍስ ግን ሲያነሳ አንድም ቀን አልሰማሁትም።

ከሁሉም የሚብሰው ሊቀመንበሩ ነው። ኪስታ በሚባል ሰፈር የስልክ መሐንዲስ ሆኖ የኖረ፣ ረጅም፣ ለስላሳ፣ ሲበዛ ትሑት ሰው። ትሕትናው ነው የሚያቃጥለኝ። ስለ መቅደላ ዘመቻ ያላነበበው የለም። ከባሕሩ ዳርቻ ተነስቶ በተራራው ላይ ስለተሠራው መንገድ፣ ስለ ውሃ ማጣሪያው፣ ስለ ዝሆኖቹ መኖ ሲያወራ ምራቁን እየዋጠ ነው። አንድ ማክሰኞ፣ «ሲመለሱስ ምን ጭነው ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። አሰብ አደረገና፣ «እኔ የማጠናው የመሄጃውን ነው» አለኝ። ሰው እንዲህ ብሎ ይመልሳል?

የሆነው ሆኖ ሙያውን ተማርኩ፤ አልዋሽም፣ ወደድኩትም። መጀመሪያ ግራጫ መነሻ ቀለም ይነፋበታል። ከዚያ ቀለሙን እንደ ውሃ አቅጥኖ ደጋግሞ መቀባት ነው፤ የልብሱ እጥፋት ውስጥ ጠቆር፣ ጫፉ ላይ ፈካ ማድረግ። ፊቱ ላይ ስደርስ አልራራሁለትም። አፍንጫውን ፀሐይ የላጠው፣ ከንፈሩን የተሰነጣጠቀ፣ ዓይኑን የጨፈገገ አደረግኩት። ቀቢዎች የብሩሻቸውን ጫፍ ለማሾል በከንፈራቸው ያረጥቡታል፤ እኔም ለመድኩ። ባለቤቴ አንድ ቀን ብሩሹ ከምን እንደተሠራ ጠየቀችኝ። ከአውሬ ፀጉር መሆኑን ስነግራት፣ «በሁዳዴ የአውሬ ፀጉር ትልሳለህ?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ፋሲካ እስኪደርስ በጣቴ አሾልኩት።

ጥቅሉን የሠራሁት በመጨረሻ ነው። ቀቢዎቹ የሚጠቀሙበት ሁለት ዓይነት ሊጥ አለ፤ ሲቀላቀል ይጠነክራል። ከእሱ ድፍን ነገር አበጀሁ፤ በላዩ እንደ ጨርቅ የሳሳ ሊጥ አለበስኩት፣ እጥፋቱን በመርፌ አወጣሁ። ቀይ ከፋይ አስመስዬ ቀባሁት፤ ዳሩን በወርቅማ ዘርፍ ዘጋሁት። ከዚያ ወታደሩ ጀርባ ላይ፣ እንደ እንጨት ሸክም በገመድ አስሬ አጣበቅኩት።

ባለቤቴ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ምንድን ነው የተሸከመው?»

«ምን ይመስልሻል?»

ታቦት በካህን ራስ ላይ፣ በጥላ፣ በእልልታ እንጂ በጀርባ ተጭኖ አይታ አታውቅም። «እንደዚህ ነው የወሰዱት?» አለችኝ። በዓለም ላይ ያንን አሻንጉሊት በትክክል ያነበበች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ከዚያ ቆጣ አለች፤ «አደራ፣ እንዳትገልጠው!»

«ውስጡ ሊጥ ነው።»

«ሊጥም ይሁን።»

በማግስቱ ማክሰኞ ወደ ምድር ቤቱ ወሰድኩት። የቁልፉ ሰውዬ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደና ወታደሩን አገላብጦ ጥቅሉን መረመረው። «የተሰጣቸው ብርድ ልብስ ግራጫ ነበር፤ ቀይ አልነበረም» አለ። ብርድ ልብስ እንዳልሆነ አስረዳሁት። ታቦት ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደተወሰደ፣ እኔ በማውቀው ስዊድንኛ ሁሉ ነገርኳቸው። ሊቀመንበሩ ራሱን እየነቀነቀ በጥሞና ሰማኝ። ሲያበቃ እንዲህ አለ፦

«በጣም ደስ ይላል። ታዲያ ጨርቁን ጠርዙ ጋ ትንሽ ብትከፍተውና ቅርጹ ቢታይ አይሻልም? ዳኞች ዝርዝር ይወዳሉ።»

«አይከፈትም።»

«ለምን?»

«አይታይም። ሰው አያየውም።»

«የማይታይ ከሆነ መኖሩን በምን እናውቃለን?»

ሁሉም ሳቁ፤ በክፋት አይደለም፣ ነገሩ እውነት አስቂኝ መስሏቸው ነው። በአሻንጉሊት ደረት ላይ ያለች ቁልፍ ብትጎድል የሚያለቅሱ ሰዎች፣ ተሸፍኖ የሚከበር ነገር መኖሩ አልገባቸውም። ዝርዝሩ መሸፈኑ ነው፤ ከዚህ ሌላ ምን ዝርዝር አለ? የማኅበሩ ዓመታዊ ትርኢት በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ሊከፈት ነበርና ወታደሩን ከነሸክሙ ለሊቀመንበሩ አስረክቤ ወጣሁ። እነሱ ባይገባቸው፣ ከሚመጣው ተመልካች መካከል አንድ ሰው ቆሞ «ይኼ የተሸከመው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ሄድን፤ እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን። ባለቤቴ ነጠላዋን ከካፖርቷ ላይ ደርባለች። ልጄ የሰጠችኝ ስጦታ ትርኢት ላይ መውጣቱ አኩርቷት ከእኛ ቀድማ ትራመዳለች። ወታደሬን ከሩቅ አየሁት። መስታወት ውስጥ ቆሟል፤ እግሩ ሥር ሰማያዊ ሪባን ተቀምጧል። ተሸልሟል ማለት ነው። ዞሬ ጀርባውን አየሁ።

ባዶ ነው። ገመዱም የለም፣ ጥቅሉም የለም። ከተጣበቀበት ሲነቀል ቀለሙን ይዞ ተነስቶ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል የገረጣ ጠባሳ ትቷል።

ሊቀመንበሩ ከሩቅ አይቶኝ እጁን ዘርግቶ መጣ። «እንኳን ደስ አለህ! ያስመዘገብኩህ ከሣጥኑ በወጣው ብቻ በሚሠራበት ክፍል ነው፤ ተጨማሪ ነገር ካለበት ይሰረዛል። ትናንት ትዝ ሲለኝ ራሴ አነሳሁልህና ተረፍክ። ዳኞቹ ደግሞ ጀርባው ላይ ያለውን መፋቅ እንዴት እንዳደነቁት! የረጅም ጉዞ ድካም በትክክል ያሳያል አሉ።»

ሰውን በጥፊ ለመምታት እጄ ያሳከከኝ በዕድሜዬ ያኔ ብቻ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ዓይኑ ውስጥ አንዲት ክፋት የለችም። በዚህ የተነሣ ደግሞ የበለጠ ናቅኩት።

«ጥቅሉስ የት አለ?»

«አይዞህ፣ አልጠፋም» አለና ከጠረጴዛው ጀርባ ወዳለው የማኅበሩ ቁም ሣጥን ወሰደን። ውስጡ የተረፉ እጆች፣ ጭንቅላቶች፣ ሰይፎች በየክፍላቸው የተደረደሩባቸው የፕላስቲክ ሣጥኖች አሉ። አንዱ ላይ «ምንነቱ ያልታወቀ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጥቅሌ እዚያ ውስጥ፣ ከአንድ የተሰበረ ከበሮና ከአንድ የፈረስ ጅራት ጋር ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ክዳኑን እየመታ፣ «እዚህ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ቤት ብትወስደው ይጎዳብሃል። ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣህ ልታየው ትችላለህ» አለኝ።

ሳቄ መጣ። ከልቤ ሳቅኩ፤ ሰዎች ዘወር ብለው አዩን። ከዚህ በላይ ምን እላለሁ? ከመቅደላ የተዘረፈው ይመለስ ሲባል ስንት ጊዜ ስሰማው የኖርኩትን መልስ፣ ሰውዬው አላጎደለም፣ ቃል በቃል ሰጠኝ።

ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። ስዊድንኛው አንድም አላመለጣትም። የነጠላዋን ጫፍ በእጇ ላይ ጠቀለለች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ ጥቅሉን በጨርቁ አነሳችና ሸፈነችው። ሊቀመንበሩ ያየችበትን ዓይን አይቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ወታደሩስ?» አለ ወደ እኔ ዞሮ። «ሽልማቱስ?»

ልጄን አየኋት፤ የእሷ ስጦታ ነውና። መስታወቱ አጠገብ ቆማ ያንን የተላጠ ጀርባ ስታይ ቆየች። ፊቷ ቀልቷል። ቀና ሳትል፣ «ሎት ሆኖም ስቶ» አለች፤ ተወው፣ እዚያው ይቁም ማለቷ ነው።

«ወታደሩ የእናንተ ነው» አልኩት ሊቀመንበሩን።

ወጣን። ወደ ብሬዴንግ የሚሄደው ባቡር ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ እኔና ልጄ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ባለቤቴ ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ እንደያዘች በሩ አጠገብ ቆመች። «ተቀመጪ እንጂ» አልኳት፤ እንዳልሰማች ሆነች። ያቺን ሊጥ ስለውሳት አጠገቤ ሆና አይታለች። ልጄ እናቷን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ምንም ሳትጠይቅ ከመቀመጫዋ ተነሳች።