ያልመረቅኩት ቀኝ መሪ መኪና

በትራንዚተርነት በተቀጠርኩበት ቀን የቢሮው ባለቤት አቶ ደረጀ የሰጠኝ የሥራ ዕቃ መጥረጊያ ነበር። ቢሮው ፒያሳ፣ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል በሚያይ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አብሮኝ ለተቀጠረው ወንድ ጠረጴዛ ተሰጠው። የያዝነው ምስክር ወረቀት አንድ ዓይነት ነው። “እስቲ ቤቱን ጠረግ ጠረግ አድርጊው፣ ስለ ሥራው ኋላ እንነጋገራለን” አለኝ። ጠረግሁ። ስለ ሥራው ያስተማረኝ ግን ሌላ ሰው ነው።

ትራንዚተር የሰው ዕቃ ከወደብ ተነሥቶ ደጁ እስኪደርስ የሚከታተል ሰው ነው። የጉምሩክ ማስታወቂያውን፣ ዲክላራሲዮኑን፣ ይሞላል፣ ፍተሻ ላይ ይቆማል፣ ዕቃውን ተረክቦ ያስጭናል። የእኔ ድርሻ መኪና ነበር። ሥራው ሲቃና “አቶ ደረጀ ያስገቡት” ይባላል፤ ሲበላሽ “ጽጌ የያዘችው”። በዕድሜ እበልጠዋለሁ። እሱ “አንቺ” ይለኛል፣ እኔ “እርስዎ” እለው ነበር። አሁን ጡረታ ስለወጣሁ “እሱ” እለዋለሁ።

ቢሮው አንድ ልማድ ነበረው። መኪና ለባለቤቱ ሲሰጥ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፣ የቢሮው ትልቅ ሰው ኮፈኑ ላይ እጁን አድርጎ ይመርቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቁልፉ የሚሰጠው። ትልቋ እኔ ነበርኩ። ደመወዝ ሲጨመር ትንሽ፣ ምርቃት ሲሆን ትልቅ።

ያኔ የነዳጅ መኪና ገና ይገባ ነበር። አንድ ቀን ናሆም የሚባል ወጣት መጣ፤ ቤተሰቡ ፒያሳ የወርቅ ቤት አላቸው። እሑድ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር በመኪና ይወዳደራል። ስልኩ ላይ የአንዲት ጃፓን ሠራሽ መኪና ፎቶ አሳየን። ሁለት በር፣ ቱርቦ፣ ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠራች።

“ይቺ ቀኝ መሪ ናት። እዚህ አገር አትገባም” አልኩት።

አቶ ደረጀ ከጠረጴዛው ማዶ ሳቀ። “ጽጌን አትስማት። እሷ ገነትም ‘ወረቀቱ አልተሟላም’ ብላ ትመለሳለች። ጂቡቲ ላይ መሪውን ወደ ግራ አዛውረን እናስገባልሃለን።”

“ለግራ መሪ የተሠራውን ሙሉ ዕቃ ከውጭ ካላመጡ በስተቀር...” ብዬ ስጀምር፣

“ሻይ እዘዢልን” አለኝ።

መኪናዋ ጂቡቲ ደረሰች። መሪዋን እዚያ አንድ ጋራዥ አዛወረው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ስትደርስ ተቀባይዋ እኔ ነበርኩ። የሻንሲ ቁጥሩ ልክ ነው፣ መሪው በግራ ነው፤ ፍተሻውን አለፈች። ጭነት መኪና ላይ ስትወጣ ግን መሪ የያዘው ጫኚ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

“እትዬ፣ ይሄ መሪ ይንቋቋል።”

ጎንበስ ብዬ በስልኬ መብራት ከመሪው ሥር አየሁ። የመሪውን ዘንግ ቆርጠው፣ ሌላ ብረት ቀጥለው በይደውታል። ብየዳው የተጠቀጠቀ ጭቃ ይመስላል። ያንን መሪ ይዞ በውድድር ፍጥነት ኩርባ የሚገባ ሰው፣ ዘንጉ ከተበጠሰ በእጁ የሚቀረው ባዶ ክብ ነው።

ለአቶ ደረጀ ነገርኩት። “አንቺ ትራንዚተር ነሽ ወይስ መካኒክ?” አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን አለሰለሰ። “ይሁን፣ ከማስረከባችን በፊት አሠራዋለሁ። ለደንበኛው ትንፍሽ እንዳትዪ።”

አመንኩት።

የማስረከቢያው ቀን መኪናዋ ከሕንፃው በር ላይ ታጥባ ቆመች። ናሆም ከእናቱ ከወይዘሮ አበራሽ ጋር መጣ። ዘመድ ተሰብስቧል፣ ዳቦው ቀርቧል። ሰው ሳይከበኝ ሄጄ ከመሪው ሥር አየሁ። ብየዳው ያው ነው። የተሠራው ሥራ ጥቁር ቀለም መቀባት ብቻ ነው።

“በሉ እትዬ ጽጌ፣ ይመርቁልን” አለ አቶ ደረጀ። ሰው ፊት “እትዬ” ነኝ።

እጄን ኮፈኑ ላይ አላደረግሁም። “አልመርቅም” አልኩ።

የመሪው ዘንግ ተቆርጦ መቀጠሉን፣ ብየዳው እንደማይታመን፣ በቀለም መሸፈኑን ሁሉንም ተናገርኩ።

“ኧረ እትዬ፣ እሑድ እኮ ውድድር አለብኝ!” አለ ናሆም። “ጂቡቲ ያሉት ባለሙያዎች ናቸው የሠሩት።”

“እርጅና ነው፣ ይቅርታ አድርጉላት” አለ አቶ ደረጀ፣ ቁልፉን ለልጁ እየዘረጋ። አንድ አጎት ከኋላ “ሟርተኛ!” አለኝ።

ስለ ብየዳው የተናገርኩትን አንድም ሰው አልሰማም። መኪናዋን ያስቆማት ሌላ ነገር ነው። ወይዘሮ አበራሽ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና ቁልፉን ከአቶ ደረጀ እጅ ነጠቀች።

“ያልተመረቀ መኪና ልጄ አይነዳም።”

“እማዬ፣ ሰው ይስቅብኛል!”

“ይሳቅብህ። ሲያለቅሱልህ ከማይ ሲስቁብህ ልይ።”

መኪናዋ ተጎትታ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ያለ ጋራዥ ገባች። ናሆም ቆሞ እያየ መካኒኩ ዘንጉን ፈትቶ አወጣና በመዶሻ አንዴ መታው። ለሁለት ተሰብሮ ወደቀ።

ናሆም ሁለቱን ስባሪ ይዞ ቢሮ መጣ። ከአቶ ደረጀ ጋር በር ዘግተው ተነጋገሩ። ለግራ መሪ የተሠራው ሙሉ ዕቃ፣ መጀመሪያ ቀን ልናገረው የነበረው፣ በቢሮው ወጪ ታዘዘ። ናሆም ሲወጣ በጠረጴዛዬ ፊት አለፈ። ቀና ብሎ አላየኝም።

በሳምንቱ አቶ ደረጀ ጠራኝ። “ደንበኛ ፊት አዋርደሽኛል። ዕቃሽን ሰብስቢ።”

“ልጁ ይሞት ነበር” አልኩት።

“አልሞተማ!” አለ።

ከዚያ በኋላ ቸርችል ጎዳና ባሉት ትራንዚት ቢሮዎች ሁሉ ሟርተኛ ነች ብሎ አስወራብኝ። ሥራ ስጠይቅ “እትዬ፣ ሰዉ ይፈራል” ይሉኝ ነበር፤ በአክብሮት። እስከ ጡረታዬ ድረስ የሌሎች ትራንዚተሮችን ፋይል በቁራጭ እየሠራሁ ኖርኩ።

ዘንድሮ የሙያው ሰዎች ባዘጋጁት ስብሰባ ላይ አቶ ደረጀ ለወጣቶቹ ልምድ እንዲያካፍል ተጋበዘ። “አንድ የውድድር መኪና ገባልኝ፤ መሪው አላማረኝም፤ ቁልፉን አልሰጥም ብዬ የልጁን ነፍስ አተረፍኩ” አለ። ተጨበጨበለት። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነበር። አይቶኛል። ይህን የጻፍኩት ስለዚያ ጭብጨባ ነው።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ፦ መሪው የተዛወረ መኪና ስትረከቡ ጎንበስ ብላችሁ ዘንጉን እዩ። ቅጥያ ካለው ለአለቃችሁ ብቻ አትንገሩ፤ ለሚነዳው ሰው በዚያው ቀን ንገሩት። ከሥራ ልትባረሩ ትችላላችሁ። እኔ ተባርሬያለሁ።