የፋሲካው በግ ቀበቶ

ባለቤቴ ለበጎቹ ስም አያወጣም ነበር። ግልገል ሲወለድ ጎንበስ ብሎ እግሩንና ደረቱን ያይና በዓል ይሰጠዋል። «ይሄ የገና ነው፤ ይሄ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል» ይላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሁልጊዜ የፋሲካ ነበር። ያን ሁሉ ሳምንት ጾሞ በግ የሚገዛ ሰው ብዙ አይከራከርም ይል ነበር።

ሀና ማርያም ሰፈር፣ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ጉረኖ ጡረታ እንደወጣ በገዛ እጁ ነው የሠራው። ለቡ ካሉት አትክልት ሻጮች የጎመን ልቃሚ በማዳበሪያ ተሸክሞ ይመጣል፤ ማታ ፉሩሽካ በውሃ ያርሳል። የፋሲካውን ጠቦት ገና በጊዜ ያስኮላሸዋል፣ ከሌሎቹ ለይቶ ያስረዋል፣ አንገቱ ላይም አንድ አሮጌ የሱሪ ቀበቶውን ያደርግለታል። ቀበቶው ከበግ ወደ በግ ይተላለፋል። ልክ ካልመጣ ባለቤቴ ምስማር በእሳት አግሎ አዲስ ቀዳዳ ይበሳል።

እንዲህ ስንል ዓመታት አለፉ። ድካማችን ያው ነበር፣ ትርፉ ግን እየቀጨጨ ሄደ። «ፉሩሽካው ነው የበላን» ይለኝ ነበር፤ እኔም አምን ነበር።

ጎረቤታችን ሽማግሌ፣ ላፍቶ ላይ እርሻ የነበራቸው ሰው ናቸው። መሬታቸው ላይ ቤት ሲሠራ ጥቂት በጎች ብቻ ቀሩላቸው። አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ትልቁ አውራ በጋቸው አጥራችንን ጥሶ ገባ። እሳቸው ይቅርታ ጠየቁን፤ ባለቤቴ ሳቀ። ብዙም ሳይቆዩ መሰማሪያ ጠፋ ብለው በጎቹን በሙሉ ሸጡ። በጥቅምት ከበጎቻችን አንዷ ወለደች፤ ግልገሉ ገና እርጥብ ሳለ ቀደም ብለው የተወለዱትን ያክል ነበር። ባለቤቴ ብዙ ጊዜ ቆሞ አየውና «ይሄ የከርሞ ፋሲካ ነው» አለ።

ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ ባለቤቴ ሞተ። ጠቦቱን ሳያስኮላሸው ሞተ።

በዚያ ዓመት ከጉረኖው ሌላ የምሄድበት ቦታ አልነበረኝም ማለት ይቻላል። ጠዋት ጥቁር ልብሴን ለብሼ እጠርጋለሁ፣ ውሃ እቀይራለሁ። የፋሲካውን በግ እሱ እንደሚያደርገው ለይቼ በገመድ አሰርኩት። ማስኮላሸቱን ግን ሰው መጥራት አቅቶኝ ተውኩት። ቀበቶውን ከሞተ በኋላ ከተሰቀለበት ምስማር ላይ አላወረድኩትም።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ እህቱ ከሳሪስ መጣች። ከእኔ ትበልጣለች፤ እትዬ እላታለሁ። ድግሱን ተነጋግረን ስንጨርስ ጉረኖውን ልይ አለችና ገባን። በጉ ፊት ቆመች።

«ይሄ ነው» አለች። «የወንድሜ ይሄ ነው። ከዚህ ሌላ እንዳታሳዪኝ።»

ወደ ብርሃን ላወጣላት ፈልጌ ቀበቶውን አወረድኩና አንገቱ ላይ አዞርኩት። ባለፈው በግ ቀዳዳ ሞከርኩ፤ አልደረሰም። ወደ ጫፉ አንድ አለፍ አልኩ፤ እሱም አልደረሰም። እንዲህ እያልኩ ሄጄ በመጨረሻው፣ ጫፉ ላይ ባለው ቀዳዳ ገባ። ባለቤቴ ለመጀመሪያው የፋሲካ በጋችን የበሳው ቀዳዳ ነበር።

መልሼ ፈታሁትና እጄ ላይ ዘረጋሁት። ቀዳዳዎቹ ከጫፉ ጀምረው በየፋሲካው አንድ አንድ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ማንም አልነገረኝም፤ ቀበቶውን ሳይ ገባኝ። በየዓመቱ ትልቁን አኮላሽተን እንሸጣለን። እናቶቹ ዘንድ የሚቀረው ገዢ ዳብሶ የተወው ነው። በቀጣዩ ዓመት የሚወለደውም የዚያ ልጅ ነው። ፉሩሽካው አልነበረም።

«ምን ሆንሽ?» አለች እህቱ።

«እትዬ፣ ይሄን አላርደውም።»

«ለማን ልታስቀምጪው? ወንድሜ ተነስቶ ሊሸጠው?»

ቀበቶውን ጠቅልዬ ያዝኩ።

«ለእሱ ነፍስ ኮስማናውን ልታርጂ ነው? ሰው ምን ይለናል?»

ሽማግሌው ድምፃችንን ሰምተው በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። «ሰው የሚያማው ወጡ ሲቀጥን ነው እንጂ» አሉ፣ «በጉ ቆሞ ሳለ ማን አየው?»

«አባባ፣ የበግዎ ልጅ ስለሆነ ነው የሚያደሉለት!» አለች እህቱ።

«ታዲያስ! በጋብቻ ተዛምደናል እኮ። አማቶቼን ማስታረቅ የእኔ ሥራ ነው።»

እህቱ መሳቅ አልፈለገችም፤ ግን ሳቋ አመለጣት። ያኔ ቀበቶውን ሰጠኋትና ቀዳዳዎቹን አሳየኋት። «ይሄን ካረድኩት የሚመጣው በግ ከእነዚህ ሁሉ ያንሳል» አልኳት። «ሌላ ቀዳዳ መብሳት ሊኖርብኝ ነው። እኔ ደግሞ መብሳት አልፈልግም።»

ቀበቶውን ገልብጣ አየችው። «ይሄንን ለሠርጋችሁ እኔ ነኝ የገዛሁለት» አለች ቀስ ብላ። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ከሌሎቹ ሁለት ጠቦት እረጂ። ወጡን ግን ታቀጥኚና ታዋርጂኛለሽ!»

ወጡ አልቀጠነም። ሰው ፍታቱን ሰምቶ፣ በልቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። ስለ በጉ የጠየቀ የለም። በማግስቱ ገመዱን ፈትቼ ከእናቶቹ ጋር ለቀቅኩት።

ፋሲካም መጣ። ቀድሜ ያደለብኳቸውን ሌሎች ወንዶች ዋዜማውን ሳልጠብቅ፣ ገበያው ሳይጨናነቅ ከደጄ ሸጥኩ። በዓሉ ሲያልፍ ሽማግሌው በጉን በአጥሩ በኩል አዩና «ፋሲካን የተሻገረ የፋሲካ በግ ዘንድሮ ገና አየሁ» አሉ። እኔም ሳቅሁ። መሳቄን ያወቅሁት ከሳቅሁ በኋላ ነው።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ በጎቹ ተከታትለው ወለዱ። ጉረኖው ያው ነው፣ ፉሩሽካው ያው ነው፤ ግልገሎቹ ግን ያው አይደሉም። እግራቸው ወፍራም ነው፣ ሲጠቡ እናታቸውን ከመሬት ያነሷታል። ከወንዶቹ ትልቁን አላስኮላሽም፤ ከአባቱ ልጆች ጋር እንዳይራባ ደግሞ ሽማግሌው ዘመዳቸው ዘንድ ካለ አውራ በግ ጋር እለውጥልሻለሁ ብለውኛል።

እህቱ ባለፈው እሁድ ጃንጥላዋን ይዛ መጣች። ከግልገሎቹ አንዷን፣ ሴቷን፣ ብድግ አድርጋ ታቀፈች። እንደ ወንድሟ ጎንበስ ብላ እግሯን አየች፣ ደረቷን ዳበሰች።

«ይቺስ ለየትኛው በዓል ናት?» አለችኝ።

«ለበዓል አይደለችም» አልኳት። «ትቀራለች።»

እሷም የግልገሏን ጀርባ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች። ከዚያ «ትቅር» አለችና እናቷ ሥር አስቀመጠቻት።