ብስክሌቷ የመሰከረችው

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ደምሴ ያስያዙኝ መፍቻ ሳይሆን ባልዲ ነበር። ሚዛን አማን ከተማ ውስጥ የብስክሌት መጠገኛ ነበራቸው። ሴት ቀጠሩ ብሎ የሚያሾፈው ሁሉ በር ላይ ቆሞ እያየ፣ «መጀመሪያ ይኸን ጭቃ አስለቅቂልኝ» አሉኝ። «ቆሽሾ የመጣ ብስክሌት ከእኛ ቤት ቆሽሾ አይወጣም። ባለቤቱ ሲረከብ ካላማረው ጥገናችንንም አያምንም።» የሚዛንን ቀይ ጭቃ ያጠበ ያውቀዋል፤ ጥፍር ውስጥ ከገባ ሳምንት አይለቅም።

ከባልዲ ተነስቼ የተበሳ የጎማ ካላማዳሪ ወደ መለጠፍ፣ ከዚያ ወደ ፍሬን፣ ከዚያም የተጣመመ ጎማ ወደ ማቅናት ደረስኩ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ጋሽ ደምሴ ሲያርፉ ልጆቻቸው መጠገኛውን ለእኔ ለቀቁልኝ። እኔም ደንባቸውን አልለወጥኩም።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ወደ አገራችን ሲገባ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ከድር፣ «አስካለ፣ እንግዲህ ጡረታ ውጪ» አለኝ።

«ለምን? ጎማ የለውም?»

«ጎማስ አለው። ልቡ ግን ኮምፒውተር ነው።»

ስለዚህ ኮምፒውተር የምታውቅ ቀጠርኩ። ራሄል ትባላለች፤ ከቴክኒክ ኮሌጅ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ያጣች ነበረች። አስመጪው ድርጅት ወኪል ጠጋኝ ሲያደርገን አንድ ገመድ፣ አንድ ፕሮግራምና አንድ የይለፍ ቃል ሰጠን። ገመዱ ኮርቻው ሥር ካለው ሶኬት ላፕቶፑ ላይ ይሰካል። ፕሮግራሙ ሲከፈት የብስክሌቷ ታሪክ ተራ በተራ ይወርዳል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ እስከዚያ የተነዳችው ኪሎ ሜትር፣ የብልሽቱ ቁጥር። ቁጥሮቹ ምን ማለት እንደሆኑ ራሄል በአማርኛ ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጠፈችልኝ። በወሩ በቃሌ ያዝኳቸው።

ነገሩን ወደድኩት። አንድ ጊዜ ከጌጫ የመጣ ሻጭ «ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አልሄድኩባትም» እያለ ብስክሌቱን ለአንዲት መምህርት ሊሸጥ ነበር። ሰካነው። «የእርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሩቅ ነው» አልኩት፤ ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር ተነድታለች። መምህርቷ ሳቀችና ሄደች። ከዚያ ወዲህ ማንም የሚናገረውን ከመስማቴ በፊት ገመዱን እሰካ ጀመር። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት።

አንድ ሰኞ ታደለ ብስክሌቱን በጭነት መኪና አስጭኖ ከሸኮ መጣ። ታደለ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ በዚያች ብስክሌት ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረ ከብት ይከትባል። ባትሪዋ ሞቷል። አስመጪው የሰጠው የዋስትና ጊዜ አላለፈም፤ ሆኖም ባለቤቱ ውኃ አስገብቶባት ከተገኘ ዋስትናው ይቀራል። ራሄል ሰካች። የውኃው ቁጥር ወጣ።

«ወንዝ ውስጥ ነድተሃታል» አልኩት።

«አልነዳሁም፣ እማማ።»

«ተጽፏል እኮ።»

«ወንዝ ብሎ ጽፏል?»

«ውኃ ብሎ ጽፏል። ውኃ ደግሞ ከመሬት ዘሎ አይገባም።»

«ዝናብ ሲበረታ ከብቶች ጋር ነው የምጠለለው። ካላመኑኝ ላሞቹን ይጠይቋቸው።»

ራሄል ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በሰው ፊት ውሸታም አልኩት፤ ለአስመጪው በሚላከው ሪፖርት ላይም ራሄል «የባለቤቱ ጥፋት» ብላ እንድትጽፍ አዘዝኳት። ታደለ አልጮኸም። ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እሺ፣ ቀኑን ብቻ ይንገሩኝ። የት እንደነበርኩ ላስብ» አለ። ሁለት ቀበሌ ክትባት እየጠበቀው ነበር፤ በእግሩ የሚደርስበት አልነበረም።

ፍርድ ሰጥቼ ቀኑን መከልከል አልቻልኩም። ራሄል አነበበች፦ ከወር በፊት የዋለ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር።

ታደለ በጣቱ ቆጠረ። «ያን ሐሙስ ብስክሌቷ እዚህ ነበረች። ለፍሬን ጥገና ሰጥቻችሁ ነው የሄድኩት።»

የመረከቢያ ደብተሬን ገለጥኩ። ብስክሌት ስረከብ የተነዳችውን ኪሎ ሜትር እጽፋለሁ። በራሴ እጅ ጽሑፍ ያው ቁጥር ተጽፏል፤ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልጨመረም። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብስክሌቷ ቆማ ነበር፤ እኔ ደግሞ እያጠብኳት። የባልዲው ዘመን አልፎ የመኪና ማጠቢያ ፖምፓ ገዝቼ ነበር። የሐኪም ብስክሌት ነች ብዬ ኮርቻውን አንስቼ የባትሪውን ዙሪያ ሁሉ በፖምፓው አጥቤላታለሁ። ውኃው ውስጡን ቀስ እያለ ሲበላው ከረመ።

ራሄል ወደ ጓዳ ሳበችኝ። «እማማ፣ አስመጪዎቹ ይኸን ካወቁ ወኪልነታችንን ሊነጥቁን ይችላሉ። ውኃ ገብቷል ብቻ ብለን ብንልከውስ? ቀኑን የሚጠይቅ የለም።»

«ሰውየው ጠየቀ» አልኳት።

ወጥቼ፣ ስሰድበው የሰሙት ሰዎች ሳይበተኑ፣ «ውኃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ውሸታም ያልኩህንም ይቅር በለኝ» አልኩት።

«እኔ ይቅር ብያለሁ» አለ። «ላሞቹን ግን ልጠይቅልዎት።»

ለአስመጪው የጥገና ኃላፊ ራሴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት።

«በፖምፓ እንደማይታጠብ የሰጠናችሁ መመሪያ ላይ አለ» አለኝ ተቆጥቶ።

«መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው።»

«ታዲያ ለምን አላስነበቡም?»

«ልክ ነህ፣ አላስነበብኩም። እሱ ግን ምን አጠፋ?»

«ባትሪው ይላካል። የይለፍ ቃላችሁ ግን ጅማ መጥታችሁ ሥልጠና እስክትወስዱ ይዘጋል» አለ። ሁለቱንም ተቀበልኩ። ባትሪው በሳምንቱ ደረሰ፤ ታደለም ወደ ክትባቱ ሄደ።

ጅማ ከሠልጣኞቹ ሁሉ በዕድሜ ትልቋ እኔ ነበርኩ። ራሄል መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር በአማርኛ አነበበችልኝ። ዛሬም ብስክሌት ከእኔ ቤት ንጹሕ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ የኤሌክትሪኩን ግን በእርጥብ ጨርቅ እንወለውላለን። ከድር የተራረፈ ጨርቁን ያመጣልኛል፤ እሱም ጡረታ አለመውጣቴን የተቀበለ ይመስላል።

በዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። የብስክሌት ታሪክ ስትከፍቱ፣ በባለቤቱ ከመፍረዳችሁ በፊት በእናንተ እጅ የነበረችባቸውን ቀኖች አንብቡ። ባለቤቱም ማያ ገጹን አብሮ ይይ።