በጓሳ የተዘጋው መንገድ

ከእናቴ ሙዳይ የወጣው ወረቀት ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል። ስንት ዓመት ከደረቀ ጦስኝ ጋር ታጥፎ እንደኖረ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። እጥፋቱ ተበልቷል፤ ቀስ ብለው ካልገለጡት አራት ቦታ ይሆናል። ክብ ማኅተሙም ደብዝዟል። በደርግ ጊዜ፣ ዳባት ሳለን፣ ከቀበሌ የተሰጠን የይለፍ ወረቀት ነው። ያኔ ከወረዳ ወረዳ ያለ ወረቀት አይኬድም ነበር።

"ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ለተዝካር ወደ ጃናሞራ ስለሚሄዱ ትብብር ይደረግላቸው" ይላል፤ ከዚያ ይቆጥረናል። አንደኛ አባቴ፣ ቄስ። ሁለተኛ እናቴ፣ የቤት እመቤት። ሦስተኛ እኔ፣ ዕድሜ አሥራ አንድ። አራተኛ ታናሽ እህቴ፣ ዕድሜ ሦስት። ከሁሉም በታች "አንዲት ቡላ በቅሎ" ተብሎ በቅሏችንም ተጽፋለች። በዚያ ቀን መንገድ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን፤ እንደ ወረቀቱ ከሆነ።

ወረቀቱ ላይ የሌለው ታላቅ ወንድሜ ነው።

የእሱ ስም የነበረው ሌላ ወረቀት ላይ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና በተመለመሉት ልጆች ዝርዝር ላይ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ባለፈው ዙር ሄዶ መርዶው መጥቶ ነበር። እናቴ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ፣ የዘቀዘቀችውን ነጠላ እንኳ ሳትመልስ፣ "ይኼን ልጅ ጃናሞራ ወንድሞቼ ዘንድ ካላደረስኩት እኔም ከሞቱት ተቆጠርኩ" አለች። የአያቴ ተዝካር እውነት ነበር። እኛ ግን ለወንድሜ መሸሸጊያ አደረግነው።

የተመከረው እንዲህ ነው። እኛ ወረቀታችንን ይዘን ፊት ፊት እንሄዳለን፤ እሱ የግማሽ ጧት መንገድ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተለናል። ከእኛ ጋር ቢገኝ እሱም ይያዛል፣ አባቴም ይታሰራሉ። ብቻውን ከሆነ ግን ሰው ሲያይ ከመንገድ ወጥቶ ይደበቃል፣ ሲያልፉለት ይመለሳል። ማታ ማታ በምናድርበት ቤት ይገናኘናል። ክፋቱ መንገዱን አያውቀውም። ከደባርቅ ወዲያ ረግጦ አያውቅም።

ለዚህ ያገራችን ሰው ዘዴ አለው። ፊት የሚሄድ ሰው መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ፣ ያልሄደበትን መንገድ ቅጠል ወይም ሣር አጋድሞ ይዘጋዋል፤ ነፋስ እንዳይወስደውም ድንጋይ ይጭንበታል። ከኋላ የሚመጣው የተዘጋውን ትቶ ክፍቱን ይከተላል። ማንንም መጠየቅ የለበትም። ይህን ሥራ አባቴ ለእኔ ሰጡኝ። "ይቺ ልጅ ፈሪ ናት፤ ፈሪ ደግሞ አይዘነጋም" አሉ። እንደዚያ የኮራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እውነትም ፈሪ ነበርኩ። ገና ከደጃችን ሳንወጣ ሰዉን ሦስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ወንድሜ በሩን ተደግፎ ይስቅብኛል።

"እህ፣ ቆጣሪት! ስንት ሆናችሁ?"

"አምስት።"

"በቅሎዋን ቆጥረሽ እኔን ተውሽኝ?"

"አንተማ ወረቀቱ ላይ የለህም፣ አያ።"

"ወረቀቱን ተይው። አንቺ ቁጠሪኝ።"

"እሺ፣ ስድስት።"

የመጀመሪያው ቀን መንገዳችን ከዳባት ደባርቅ ነበር። የመኪናውን መንገድ ትተን በማሳ ዳር ሄድን። ጥቅምት ነበር፤ ገብሱ መቅላት ጀምሮ፣ የባቄላው ማሳ ጧት ጧት ጤዛ ጤዛ ይሸት ነበር። እኔ ያገኘሁትን ሁሉ ዘጋሁ። እናቴ ዞር ብላ አይታ "ኧረ አንቺ ልጅ፣ የላሞቹን መሄጃ ሁሉ ዘጋሽው! ከብቱ በየት ይለፍ?" አለችኝ። አባቴ ከት ብለው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ከዚያ በኋላ ሰምቼ አላውቅም።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወንድሜ ካረፍንበት ቤት ደረሰ። ከየመዝጊያው አንዳንድ ዘለላ ሣር እየመዘዘ ኪሱን ሞልቶት መጥቶ ጉያዬ ውስጥ አራገፈው። "አሥራ ሦስት በር ዘግተሽብኛል። መንግሥት እንኳ እንዲህ አልዘጋብኝም" አለ። እናቴ "ዝም በል፣ ግድግዳ ጆሮ አለው" ብላ ቆጣችው፤ ግን ከንፈሯ ይስቅ ነበር። ሣሩን ለየብቻ ደርድሬ ቆጠርኩት። አንድም አልጎደለም።

በማግስቱ ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ወጣን። እዚያ ገደሉ ጫፍ ላይ የሄደ ሰው አይረሳውም። በስተግራ ምድር ያልቃል፤ ደመናው ከእግርህ በታች ነው። የበቅሎዋ ኮቴ ጦስኙን በረገጠው ቁጥር ሽታው አፍንጫችን ድረስ ይመጣል። እናቴ እየቀነጠሰች ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥር ነበር። ጭላዳዎቹ መንጋ መንጋ ሆነው ሣር እየነጩ ሲያጉረመርሙ ታናሽ እህቴ በቅሎዋ ላይ ሆና መልሳ ታጉረመርምባቸዋለች። ወንድሜ ያን ዕለትም በደህና ደረሰ። "ዝንጀሮዎቹ መዝጊያሽን ሊበሉት ነበር" አለኝ። "የእህቴ ነው፣ እጅ እንዳታስገቡ ብዬ አባረርኳቸው።"

ሦስተኛው ቀን ሲነጋ አገሩ ሁሉ ጉም ለብሶ ነበር። መንገዳችን ወደ ጊች ነው። ወንድሜ ተንበርክኮ የኮንጎ ጫማዬን ማሰሪያ አጠበቀልኝ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር። "ዛሬ ዓይን አያሳይም" አለኝ። "ወፈር አድርገሽ ዝጊልኝ፣ እታለም።"

ከእሱ አፍ የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ይኸው ነው።

ከሳንቃበር ብዙ ከራቅን በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። የቀኙ ወደ ጊች ይወጣል፤ የግራው በገደሉ ስንጥቅ አድርጎ ወደ ቆላው ይወርዳል። አባቴ በዘንጋቸው እያሳዩ "ይኼን አጥብቀሽ ዝጊ" አሉኝ። ረጅም የጓሳ ሣር ነጨሁ፣ ሦስት ቦታ ቋጠርኩት፣ መንገዱ ላይ አጋደምኩት፤ ሁለት እጄን የሚፈልግ ጠፍጣፋ ድንጋይም ጫንኩበት። እንደዚያ አሳምሬ የዘጋሁት መንገድ አልነበረም።

ከዚያ ብዙም ሳንርቅ ከፊታችን ከጉሙ ውስጥ የመንግሥት ታጣቂዎች ወጡ። ስድስት ናቸው። ቆጠርኳቸው።

አለቅየው ጠመንጃውን ወደ ኋላ አዙሮ የአባቴን መስቀል ተሳለመ፤ ከዚያ ወረቀቱን ተቀበለ። በጣቱ እየተከተለ አነበበ። "በቅሎዋም ተመዝግባለች" አለ። አንዱ ከኋላው "ከእኔ የተሻለች ናት፤ እኔን እስከ ዛሬ የመዘገበኝ የለም" አለና ሳቁ። እኛም ሳቅን።

"አባ፣ ከኋላችሁ የቀረ ሰው አለ?"

"ከኋላችን እግዚአብሔር አለ፣ ልጄ።"

"እሱማ ከፊትም አለ። እኔ የጠየቅሁዎት ሰው ነው።"

አባቴ በመልሱ ፋንታ ስልቻውን ፈቱ። "ብርዱ ክፉ ነው፤ ቅመሱ እንጂ" አሉ። እናቴ ዳቦ ቆረሰች። ሰዎቹ ቁጢጥ ብለው ሲበሉ አለቅየው አጠገቡ ላለው "መንታው ላይ ስንደርስ መሬቱን አየት አድርጉ። መንገድ የተዘጋ እንደሆነ ከኋላ የሚመጣ አለ ማለት ነው" አለው።

የአገር ልጆች ናቸው፤ የጓሳ መዝጊያን እኛ ብቻ አይደለንም የምናውቀው። አባቴ ሰምተዋል፣ እናቴም ሰምታለች፤ ሁለቱም ግን ዓይናቸውን እንኳ አላንቀሳቀሱም። እኔ "እማ፣ ሽንቴ መጣ" ብዬ ወደ ኋላ ወደ ጉሙ ሮጥኩ።

ድንጋዩን ስፈነቅለው ጥፍሬ ተቀነጠሰ። ጓሳውን ቋጠሮውን ሳልፈታ ወደ ገደሉ ወረወርኩት። መሬቱን በነጠላዬ ጠረግሁ። ሲያልፉ ተመልሼ እዘጋዋለሁ ብዬ ነበር። በእግዚአብሔር ስም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።

ስመለስ ሰዎቹ ተነሥተው ነበር። "በሰላም ግቡ" ብለውን አለፉ። መንታው ላይ ሲደርሱ ግን ተቀመጡ። አላየናቸውም፤ የሲጋራቸው ሽታ በጉሙ ውስጥ መጣ፣ ሳቃቸውም ይሰማል። ቆምኩ። "እማ፣ ደግሞ መጣ" አልኳት።

እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። "ምን ነካሽ ዛሬ? ቀጥይ! ዞር አትበይ፣ ይጠረጥሩናል" አለች በሹክሹክታ።

ቀጠልኩ። እያንዳንዱን እርምጃ አስታውሰዋለሁ። አሁን ልንገራት፣ ያችን የጅብራ ተክል ካለፍን ልንገራት፣ ወንዙን ስንሻገር ልንገራት እያልኩ ሄድኩ። ወንዙንም ተሻገርን። ደግሞ ራሴን አጽናናለሁ፤ አያ ብልህ ነው፣ የበቅሎዋን ኮቴ ያያል እላለሁ። ያን ኮቴ የስድስት ሰው ጫማ እንደሄደበት አላሰብኩትም። ያሰብኩትም እንደሆነ ቶሎ ተውኩት።

ጊች ደረስን። አንዲት የመንደሩ ሴት ትኩስ ወተት ሰጠችን። ከገብሱ ማሳ ዳር ተቀምጠን መንገዱን እናይ ጀመር። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጣች፤ መንገዱ እስከ ታች ድረስ ጥርት ብሎ ታየ። በጎች መጡበት። ጭድ የጫነ አህያ መጣበት። ፀሐይዋ ገባች። እናቴ "ደክሞት ይሆናል" አለች።

ሲነጋ አባቴ ሊፈልጉት ብቻቸውን ወደ ኋላ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን መጡ። እናቴ ቆማ ነበር የጠበቀቻቸው።

"አንቱ፣ ይናገሩ እንጂ! ያዙት?"

"አልያዙትም። ሰዎቹ ሳያዩት ነው ያለፉት። ከቆላ ማር ይዛ የወጣች ሴት ግን አይታዋለች። ገደሉን ወርዶ 'ጊች በዚህ ነው?' ብሎ ጠየቃት። ልትመልሰው ስትል ታች የተኩስ ድምፅ ተሰማ፣ ሁሉም ተበተነ። ወደ ሱዳን ከሚሄዱ ሰዎች ጋር ሲሄድ ያየ አለ ይላሉ።"

"መንገዱ ተዘግቶ የለም እንዴ? ልጅቱ ዘግታው የለም እንዴ?"

አባቴ ወደ እኔ ተመለከቱ። እጄን አዩ፤ የተቀነጠሰው ጥፍሬ ገና ጥቁር ነበር።

"ነፋስ ወስዶታል" አሉ።

መጥተው እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። መዝጊያ ላይ ድንጋይ ጫኚበት ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ነፋስ ያን ድንጋይ እንደማያነሣው ያውቃሉ። እስኪሞቱ ድረስ ግን አንድም ቀን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ጃናሞራ ሁለት ዓመት ተቀመጥን። አጎቶቼ ባሉበት ትምህርት ቤት ስላልነበረ እኔ ከአራተኛ ክፍል ቀረሁ። እናቴ ነፋስ ጠላት ሆነባት። ቅጠል ሲንቀሳቀስ ባየች ቁጥር ተነሥታ በር ትዘጋለች። "ልጄን የበላ ነፋስ፤ እግዚአብሔር ይፍረድበት" ትላለች። ሠላሳ ዓመት ከዚያም በላይ ረገመችው። ከአጠገቧ ሆኜ እሰማታለሁ።

ዛሬ ያን መንገድ የሩቅ አገር ሰዎች ዘንግ ይዘው ለደስታ ይሄዱበታል። የመጨረሻ ልጄ መንገድ መሪያቸው ነው። ሳንቃበር ደረስኩ ብሎ ሲደውልልኝ "ስንት ሆናችሁ?" እለዋለሁ። "ኧረ እማዬ፣ አሁንስ በዛ! ሁላችንም አለን" ይለኛል። አንድ ቀን ስለ መንታው ጠየቅኩት። "አሁንማ የእንጨት ምልክት ተተክሎበታል፤ ማንም አይሳሳትም" አለኝ።

እናቴ ያረፈችው ባለፈው ክረምት ነው። በመጨረሻዋ ቀን ውጭው ጭጭ ብሎ ነበር፤ ቅጠል አይነቃነቅም። እሷ ግን "በሩን ዝጊው፤ ነፋስ ይገባል" አለችኝ። እማ፣ ነፋሱ እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን አየሁት፤ እንደ ሕፃን ሆኗል። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁላት።

አሁን ይህን የምነግረው የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ሱዳንም ይሁን ከዚያ ወዲያ፣ በሑመራም ይሁን በመተማ ያያችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ረጅም ነው፤ የቀኝ ቅንድቡን የሚከፍል ጠባሳ አለው፤ ሲሄድ ያፏጫል። የዳባት ቄስ ልጅ ነኝ ይላችኋል። ዛሬ ሽማግሌ ሆኗል። እኔ ደባርቅ ከገበያው በላይ ነው ያለሁት፤ ቄስ አባት የነበራትን ቆጣሪቱን ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩዋችኋል። ሞቶም ከሆነ የት እንደተቀበረ ንገሩኝ። በሕይወት ካለ ግን፣ መንገዱን የከፈተችው እህትህ ናት፤ እስከ ዛሬም ስድስት ብላ ነው የምትቆጥረው በሉልኝ።