የአንበሴ መሐላ

ልጅ ሳለሁ አያቴ ለሚጠየቁት ሁሉ መልሳቸው ተረት ነበር፤ ነገሩ ዛሬም ያናድደኛል። ያኔ እንጅባራ ዳር በምንኖርበት ቤት፣ ባጃጅ በራችን ድረስ መምጣት በጀመረበት ዘመን፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ኩራዝ ተለኩሶ፣ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰው ምድጃውን ከበን እንቀመጥ ነበር። አንበሴ የሚባለው ትንሹ ውሻችን እግሬ ሥር ተኝቶ ያስላል። የሚያስለው እንደ ሽማግሌ ነበር፤ አንገቱን ዘርግቶ ሊያስመልሰው ይተናነቀዋል፣ ግን ምንም አይወጣውም። አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ተብሎ ጉሮሮው ተፈትሿል፣ ቅቤም ተግቷል። ሳሉ ይባስ ጠናበት።

አያቴ ፈረሰኛ ነበሩ። ለቅሶም ሆነ ሰርግ ያለ ፈረስ አይሄዱም፤ አንበሴም ከኋላቸው ሳይሮጥ ቀርቶ አያውቅም። ውሻው መድከም በጀመረ ጊዜ አንድ ተረት አመጡ። ድሮ ውሻና ፈረስ ተማማሉ፤ ፈረሱ ሰው ሊሸከም፣ ውሻው ፈረሱ ከሚደርስበት ላይቀር። አንድ ቀን ግን ውሻው ጥላ አግኝቶ ተኛና ፈረሱን ጅብ በላው። ከዚያ ወዲህ የውሻ ዘር ምላሱን አውጥቶ የሚያለከልከው ያን በደል ሊክስ ነው። «ወደ ኋላ የሚቀር ውሻ መሐላውን የበላ ነው» ብለው ፍሙን ይቆሰቁሳሉ። እኔም አምናቸው ነበር።

የፈረሱ ጀርባ ቆስሎ እንስሳት ክሊኒክ ሲወስዱት አንበሴን አስከትዬ ሄድኩ። ሐኪሟ ከዳንግላ የመጣች ወጣት ነበረች። ፈረሱን ስትጨርስ ለመንኳት፤ ማዳመጫዋን አንበሴ ደረት ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች፣ ከዚያም እኔ ጆሮ ላይ አደረገችልኝ። ድው ድው የሚል ነገር ጠብቄ ነበር። የሰማሁት ግን እንደ ተቀደደ ወናፍ የሚሾልክ ድምፅ ነው።

«ልቡ ውስጥ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ በሮች አሉ» አለችኝ። «በእርጅና ወፍረው መግጠም አቅቷቸዋል። ሳሉም ከዚያ የመጣ ነው። በሩን የሚጠግን መድኃኒት የለም፤ ትንፋሹን የሚያቀልለት አለ፣ እሱም እዚህ አይገኝም። ብቻ አታስሩጡት።»

አያቴ ሰምተው ሳቁ። ውሻን የልብ ሕመም ከያዘው እኛማ ምን ልንሆን ነው አሉ። የዚያን ዕለት ምሽት ያንኑ ተረት ደገሙልኝ። ሰው ቢሆን ይከራከሩታል፤ ተረትን በምን ይረቱታል?

ከሳምንት በኋላ፣ ረፋዱ ላይ፣ አያቴ ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ ለቅሶ ሊሄዱ ሲነሱ አንበሴን በከብት ገመድ ከጋጣው ምሰሶ ጋር አሰርኩት። አይተውት ፈረሳቸው ላይ ወጡ። የፈረሱ ኮቴ እየራቀ ሲሄድ አንበሴ ገመዱን እየጎተተ ያለቅስ፣ ያስል ጀመር። ሐኪሟ ያለችውን አልረሳሁም፤ ያን የተቀደደ ወናፍ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ግን ለቅሶው ሲበረታ መሐላው ትዝ አለኝ፤ መሐላውን ያስበላሁት እኔ መሰለኝ። ፈታሁት።

አመሻሽ ላይ አያቴ በእግራቸው መጡ። ፈረሳቸውን እየሳቡ ሲራመዱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ኮርቻው ላይ አንበሴ በጋቢያቸው ተጠቅልሎ ነበር። ዳገቱ ላይ ደርሶባቸው፣ አጠገባቸው ወድቆ እንደቀረ ነገሩን።

ያን ምሽት ማንም ሳይጠይቃቸው ተረቱን ጀመሩ። አሁን ግን ውሻው ጥላ ሥር ሲተኛ ፈረሱ ዞር ብሎ አየው፤ ቆመ፤ እስኪነቃም ጠበቀው።

«ይህን ለምን ትናንት አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

አያቴ ፍሙን እንኳ አልነኩትም።

ዛሬ ታናናሾቼ ተረት ሲጠይቁኝ ፈረሱ የሚቆምበትን ነው የምነግራቸው፤ ይወዱታል። እኔ ግን በነገርኳቸው ቁጥር እበሽቃለሁ። አያቴ ተረቱን ለማቃናት አንድ ምሽት በቃቸው፤ እኔ ደግሞ ገመዱን ሳልፈታ አንድ ረፋድ እንኳ መታገሥ አልቻልኩም።