የጠጋ በሉ ፒካፕ

ወላጆቹ ያወጡለት ስም መንጃ ፈቃዱ ላይ ቀርቷል። አገሬው የሚያውቀው ጠጋ በሉ በሚለው ነው። በትንሿ ባለ ፎር ዊል ፒካፑ ከገጠር ገበያ ወደ ከተማ ሰውና ዕቃ ሲያመላልስ ኖሯል፤ መንገድ ዳር እጁን ያነሳ ሰው አይቶ አልፎ አያውቅም። የኋላው ካሶኒ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ከሥሩ ያለው የብረት ባሌስትራ እያቃሰተ እንኳ አንገቱን በመስኮት ያወጣና «ጠጋ በሉ! ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ ሰው ነው እኮ!» ይላል። የተሳፈሩት እያጉረመረሙ ይጠጋሉ። ዛሬ ያጉረመረመ ነገ እጁን የሚያነሳው ራሱ መሆኑን ያውቃላ!

ታዲያ ከሁሉ በላይ ስትጠጋ የኖረችው ሚስቱ ናት። ጋቢናው ከሹፌሩ ሌላ የሚይዘው አንድ ሰው፣ ሲጨናነቁ ሁለት ነው፤ ያ ቦታ ደግሞ ባለቤት አጥቶ አያውቅም። ነፍሰ ጡር አለች፣ ሕመምተኛ አለ፣ ሽማግሌ አለ። «አንቺ የቤት ሰው ነሽ» ይላትና ክንዷን ደግፎ ከኋላ ያወጣታል። በተጋቡ ሰሞን ወላጆቿን ሊጠይቁ ሲሄዱ እንኳ፣ አዲስ ቀሚሷን እንደለበሰች የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነው የተጓዘችው። ጋቢና የገባው ጥርሱን ያመመው የማያውቁት ሰው ነበር። እሷ ይህን እየሳቀች ታወራዋለች። እሱም አብሯት ይስቃል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ያ ጆንያ ይታወሰዋል።

በተለይ ንብ አናቢው ሽማግሌ የጋቢናው ቋሚ ተሳፋሪ ነበሩ። መንገድ ዳር ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ቆመው ይጠብቁታል፤ የማር ቆርቆሯቸውን እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አቅፈው ይቀመጣሉ። ሚስቱ ከኋላ ሆና በመስኮቱ «አባባ፣ ቦታዬ ተመቸዎት?» እያለች ትቀልድባቸዋለች።

መንገዱ ዳገቱን ሲጨርስ ከታች፣ በሩቁ፣ ሐይቅ ይታያል። እሷ ከካሶኒው ላይ ሆና እስኪሰወር ድረስ ትከተለዋለች። «አንድ ቀን ወርደን እዚያው እናድራለን» ይላት ነበር። የአንድ ቀንን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ! ልጆቹ አደጉ፣ ትዳር ያዙ፣ የሁለቱም ፀጉር ሸበተ፣ አንድ ቀን ግን የውሃ ሽታ ሆነ። በመጨረሻ ጉልበቷን አሟት ካሶኒው ላይ ለመውጣት ሁለት ሰው ሲያነሳት ያየ ዕለት ሥራውን በቃኝ አለ።

«ከእንግዲህ መኪናዋ ያንቺ ናት» አላት። «ከኋላዋ ቤት እሠራባታለሁ። ለማንም አንጠጋም።»

«አንተ? አንተ ሰው አልፈህ ልትሄድ?» ብላ ሳቀችበት።

«ታያለሻ!» አለ። ደግሞም ማለላት።

ሥራው እዚያው ግቢው ውስጥ ተጀመረ። ጎረቤቱ በያጅ ነው፤ የካሶኒውን የኋላ መዝጊያ ነቅሎ በቀጫጭን ብረት የቤቱን አጥንት አቆመ። ከውጭ ላሜራ አለበሱት፣ ከውስጥ ጣውላ፤ ፀሐዩ እንዳይጠብሳቸው መሃሉን በስፖንጅ ጠቀጠቁት። በያጁ ቆመው የሚሄዱበት ጣሪያ ይሁን ብሎ ነበር። ጠጋ በሉ አሻፈረኝ አለ። «ራሷ ከከበደ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ትገለበጣለች። እኛው ጎንበስ እንበል።» የውሃ ጀሪካኑ፣ ምድጃው፣ ከበድ ያለው ነገር ሁሉ ከወለሉ ጋር ታሰረ። አልጋው በማጠፊያ እየተነሳ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አቧራ እንዳይገባ የበሩን ዙሪያ በጎማ ለበጠው፤ ለሚስቱ ጉልበት ሲል ከበሩ ሥር የሚታጠፍ፣ ዝቅ ያለ ደረጃ አሠራላት። ቀለም እሷ መረጠች። ነጯ ፒካፕ አረንጓዴ ሆነች። ጎረቤት እየመጣ «የሚከራይ ክፍል አላት?» እያለ ሲያሾፍ ሰነበተ።

የካሶኒው አግዳሚ ወንበሮች ሲፈቱ ብቻ ነው ሥራው የከበደው። በሰው መቀመጥ ብዛት እንጨቱ ልስልስ ብሏል። በያጁ «ለማገዶ ይሆናል» ሲለው ተሸክሞ ወስዶ ከቤቱ ጀርባ አቆማቸው። ጋቢና ገብቶ ቀና ሲልም፣ የተሳፋሪውን ራስ ሁሉ ያሳየው የነበረው የውስጥ መስታወት አሁን የሚያሳየው ጣውላ ነው። ሊነቅለው አሰበና ተወው።

የጉዞው ዕለት ሚስቱ ማልዳ ተነስታ ሻሿን አስራ ጋቢና ገባች። መስኮቱን ከፈተች፣ ክንዷን አወጣች፣ እንደ ባለ መኪና ተንቀባረረች። ጠጋ በሉ እሷን በጎን እያየ ደስታው ፊቱ ላይ አልበቃ አለው። ይህን ያህል ዘመን ይህችን ትንሽ ነገር እንዴት ነፈግኳት ብሎም በልቡ አዘነ።

ከዚያ በእሱ መስኮት በኩል ትልቁ ዛፍ መጣ። ሽማግሌው ሥሩ ቆመዋል፤ ቆርቆሮው እግራቸው አጠገብ፣ እጃቸው ወደ ላይ።

የጠጋ በሉ እግር ሳያዝዘው ወደ ፍሬኑ ሄደ። ቢጨናነቁ ጋቢናው ይበቃል፤ «ጠጋ በይ» ማለት ብቻ ነበረበት። ግን ዛሬም? መሐላውስ? ወደ ሚስቱ ዞረ፤ እሷ በማዶው መስኮት ሜዳውን ትመለከታለች። ጥርሱን ነክሶ ነዳጅ ሰጠ። በጎን ስፖኪዮ ሲያይ፣ አቧራው መሃል ያቺ እጅ አሁንም እንደተነሳች ናት። ቆይታ ወረደች።

የሐይቁ መታጠፊያ ጋ ደረሱ። ቁልቁለቱ ላይ ፎር ዊሉን አስገብቶ በቀስታ ወረደ፤ አንድ ኩባያ እንኳ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሥራው እንከን አልነበረበትም። ሚስቱ ሻይ አፍልታ በሠራላት ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ዘመን ከሩቅ ያየችው ውሃ እግሯ ሥር ነው፤ እሷ ግን ኩባያውን ነበር የምታየው።

«አየሃቸው አይደል?» አለችው።

«እነማንን?»

«ኧረ ዓይንህን በጨው አትታጠብ!»

«ላንቺ ብዬ ነው። ምዬልሽ የለም እንዴ?»

«በእኔ አታሳብ። ጠጋ በይ ብትለኝ አልጠጋም ነበር? መቼ እምቢ ብዬህ አውቃለሁ?»

እሱንም ያቃጠለው ይኸው ነው፤ እምቢ ብላው አለማወቋ።  እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔም አይቼ ዝም አልኩ» አለች። «ዛሬ እንኳ የእኔ ይሁን ብዬ ፊቴን አዞርኩ።»

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ጠጋ በሉ ከሁለቱም ወድቋል። ሻዩ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። አልጋው ሳይዘረጋ፣ ፀሐይም ገና ሳታዘቀዝቅ፣ ዕቃቸውን ሰብስበው ተመለሱ።

ዛፉ ሥር ማንም የለም። መኪናዋን እዚያው አቁመው በቀጭኗ መንገድ ወደ ሽማግሌው ቤት ወጡ። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ያበጠ እግራቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረዋል። የማር ቆርቆሮው እንደተሞላ አጠገባቸው ነው።

«ጠጋ በሉ!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ሥራ ተወ ሲሉኝ ቀረህብኝ ብዬ ነበር። ዛሬማ አንዱ ባለጌ፣ አረንጓዴ መኪና ላይ ቤት ጭኖ፣ አቧራውን አልብሶኝ አለፈ። በእግሬ ግማሽ መንገድ ሄጄ ጉልበቴ ከዳኝ። ምን እያልኩ እንደተመለስኩ ታውቃለህ ልጄ? እሱ ቢሆን ኖሮ ይቆም ነበር።»

ሚስቱ አየችው። 

«እኔ ነበርኩ አባባ።»

ሽማግሌው አፍጥጠው አዩትና የእግር ውሃው እስኪፈስ ድረስ ሳቁ። «ሰው ለማጽናናት ብለህ የባለጌ በደል ትሸከማለህ? ወይ አንተ!»

«እውነቱን ነው አባባ» አለች ሚስቱ። «እሱ ነው። እኔም ነበርኩበት።»

«እሷም አብራ! ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ማለት እናንተ ናችሁ።» እንባቸውን እየጠረጉ ከቆርቆሮው በጣሳ ማር ቀዱላቸው። እምቢ ቢሉ ቆጥተው አስያዟቸው። «ታዲያ መቼ ትመጣለህ? ከእንግዲህ ሌላ መኪና አላስቆምም፤ አንተን ነው የምጠብቀው።»

«ነገ ጠዋት» አለ ጠጋ በሉ። 

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። እሷ ቀድማው ጋቢና ገባች። እሱ ዞሮ በራሱ በኩል ሲገባ፣ መስኮቱ አጠገብ የነበረውን ቦታዋን ትታ መሃል ላይ ተቀምጣለች፤ የሚያማት ጉልበቷ ከማርሹ ጋር ተጣብቋል፣ ማሩን ታቅፋለች።

«ያው ጠጋ ብያለሁ» አለችው። «ንዳ።»

ጠጋ በሉ ቁልፉን ሳያዞር መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።